ከሴኡል ቶኪዮ በአውሮፕላን፦ ርቀቱ ስንት ነው? በአንድ ቀን ሁለት ቀጠሮ ያደርሳል?

የጎማው አቅራቢ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። ቤተሰቦቼ ጎማ ወረዳ ውስጥ፣ ከአጋሮ ብዙም ሳይርቅ፣ አነስተኛ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አላቸው። እስከ ዛሬ ቡናችንን ለላኪ ነበር የምናስረክበው። ዘንድሮ በራሳችን ገዢ እንፈልግ ብለን ናሙና ስንበትን ከረምን። ተመስገን ነው፣ ሁለት ቦታ ተሳካልን። አንዱ ሴኡል፣ ሌላው ቶኪዮ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ናቸው። ሁለቱም «መጥተህ አብረን እንቅመስ» ብለውኛል። ጥምቀት እንዳለፈ እሄዳለሁ።

ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለኔ ግን የቤተሰቡ ተስፋ ሁሉ ያለው እዚህ ጉዞ ላይ ስለሆነ በደንብ ተረድቼው መሄድ እፈልጋለሁ።

ከሴኡል ቶኪዮ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ስፈልግ አንዱ ጋ 1,150፣ ሌላው ጋ 1,180፣ ሦስተኛው ጋ 1,260 ይላል። የትኛው ነው ትክክሉ? የበረራ ሰዓቱም ግራ ያጋባል። ከሴኡል ቶኪዮ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይልና፣ ከቶኪዮ ሴኡል ሲሆን 2 ሰዓት ከ45 ይሆናል። መንገዱ ያው አይደለም እንዴ?

ይህን የምጠይቀው ያለ ነገር አይደለም። ሰኞ ጠዋት ሴኡል ቅምሻ አለኝ፣ በነሱ እኩለ ቀን ላይ ያልቃል። የቶኪዮው ገዢ ደግሞ ያኑ ዕለት ማታ እራት እንብላ፣ ማክሰኞ ጠዋት እንቀምሳለን ይላል። በረራው ሁለት ሰዓት ከምናምን ከሆነ እደርሳለሁ ብዬ «እሺ» ልለው ነበር። ወንድሜ ግን መጀመሪያ ሰው ጠይቅ አለኝ። ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ሴኡል ተመልሼ ከዚያ ወደ አገር ለመግባት ነው ያሰብኩት።

ሰዓቱንስ እንዴት ነው የምቆጥረው? የኛ ሰዓት፣ የፈረንጅ ሰዓት፣ የነሱ ሰዓት እየተባለ ሦስት ነገር ተደበላልቆብኛል። የምታውቁ አስረዱኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

መምህር ዘጅሬን

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። የጎማ ቡና በራሱ ስም ቶኪዮ ሲገባ ማየት ለኛ ለሽማግሌዎቹ ትልቅ ነገር ነው። እዚሁ ጅማ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ የርቀቱን ጉዳይ ለኔ ተውልኝ።

ያገኘሃቸው ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። 1,150 የሚለው ከሴኡል መሀል ከተማ እስከ ቶኪዮ መሀል ከተማ ያለው ቀጥታ መስመር ነው። ሴኡል ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ ትልቁ ኢንቺዮን ነው። ከከተማው ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ባሕር ላይ፣ ደሴት ላይ ይገኛል። ቶኪዮም ሁለት አላት። ናሪታ የሚባለው ከከተማው ወደ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አየህ፣ አንዱ በምዕራብ በኩል፣ ሌላው በምሥራቅ በኩል ነው የወጣው። ሁለቱንም ስትደምራቸው 1,150 የነበረው ወደ 1,260 ይጠጋል። 1,180 ያለህ ደግሞ ከተማ ውስጥ ያሉትን የጊምፖና የሃኔዳን ርቀት ነው። አንተ መጠየቅ ያለብህ «ሴኡል ከቶኪዮ ስንት ነው» ብለህ ሳይሆን «ከየትኛው ማረፊያ ወደ የትኛው ማረፊያ» ብለህ ነው።

በአገራችን ልንገርህ። ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና በወሊሶ አድርገህ ስትሄድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር ግን ወደ 260 ይወርዳል። አውሮፕላኑ የግቤን ቁልቁለትና ዳገት አይዞርም። ያንተ መንገድ በአየር ከአዲስ አበባ ናይሮቢ እንደ መሄድ ነው፤ እሱም 1,160 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሲሄድና ሲመለስ የሚለያየው በነፋስ ምክንያት ነው። አውሮፕላን ከምድር 10 እና 11 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚበረው። በዚያ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያለማቋረጥ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። ሁልጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ቶኪዮ ደግሞ ከሴኡል በስተምሥራቅ ነች። ስትሄድ ነፋሱ ከኋላ ይገፋሃል፣ ስትመለስ ከፊት ይይዝሃል።

ልክ ሂሳብ ክፍል ውስጥ እንዳለን እንሥራው። አውሮፕላኑ በራሱ ኃይል በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ነፋሱ በሰዓት 200 ነው። ስትሄድ 850 ሲደመር 200፣ 1,050 ይሆናል። 1,260ን ለ1,050 ስታካፍል 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይመጣል። ስትመለስ 850 ሲቀነስ 200፣ 650 ይሆናል። 1,260 ለ650፣ ወደ 1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ። ነፋሱ ብቻውን 44 ደቂቃ ልዩነት አመጣ ማለት ነው። በዚህ ላይ አውሮፕላኑ ወደ መነሻው አስፋልት የሚሄድበት፣ የሚወጣበት፣ የሚወርድበት፣ አርፎ እስከሚቆምበት በር የሚጓዝበት ጊዜ ይጨመራል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ይህን ሁሉ ይዞ ነው። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ እዚያኛው ጋ እስከሚቆም ድረስ ይቆጠራል።

አንተ የምትሄደው ደግሞ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ጃፓን ላይ ይህ ነፋስ በዓመቱ ከሁሉ የሚበረታው በነሱ ክረምት፣ በኛ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ነው። ከሳይቤሪያ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርና ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት አየር የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ ነው። ሁለቱ አየሮች በሙቀት በተራራቁ ቁጥር ነፋሱ ይፈጥናል። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። በነሱ በጋ ይደክማል፣ ወደ ሰሜንም ይሸሻል፤ ያኔ የመሄጃና የመመለሻው ልዩነት ይጠብባል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ይህን ሰው ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያውቁት እፈልግ ነበር። ይህን ነፋስ ቀድሞ የለካው ጃፓናዊ ነው፤ ዋሳቡሮ ኦኢሺ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከቶኪዮ ሰሜን ምሥራቅ ባለች ታቴኖ በምትባል ቦታ ፊኛ እየለቀቀ፣ ፊኛው የት እንደሚሄድ በመሣሪያ እየተከታተለ መዘገበ። ዓለም እንዲያነብለት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1926 ውጤቱን በኤስፔራንቶ፣ የዓለም ሕዝብ ሁሉ መግባቢያ እንዲሆን ተብሎ በተፈጠረ ቋንቋ፣ አሳተመው። ኤስፔራንቶ የሚያነብ ግን ጥቂት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ቶኪዮ ላይ ሲደርሱ በነፋሱ ተደናገሩ። ሰውየው ከዚያ በፊት ሁሉንም ጽፎት ነበር። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም ያሳዝነኛል።

መልካም መንገድ ልጄ።

ሰጦ ሰመሮ

ወንድሜ፣ በአውሮፕላን ብቻ ነው ወይ ብለህ ብትጠይቅ፣ በመርከብም ይኬዳል። ከሴኡል ቡሳን በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከቡሳን ወደ ጃፓኗ ፉኩኦካ መርከብ አለ፣ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከፉኩኦካ ቶኪዮ በሺንካንሰን፣ በጃፓኑ ፈጣን ባቡር፣ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። አገር ለማየት ግሩም ነው፤ ቀጠሮ ላለው ሰው ግን አይመከርም። አጎቴ የባሕር ሠራተኛ ስለነበረ ነው የማውቀው።

ፈረንጅ አራዳ ትኬት

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እኔ ጅማ ውስጥ ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው። የጻፍከውን ሳነብ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ርቀቱ ሳይሆን «ወደ ሴኡል ተመልሼ» ያልከው ነው። ትኬት ሳትገዛ ይህንን አንብብ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘህ ለኮሪያም ለጃፓንም ቪዛ ያስፈልግሃል። ሁለቱም ኤምባሲዎች አዲስ አበባ ናቸው። የኮሪያ ቪዛህ ሲንግል ኢንትሪ (አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ) ከሆነ፣ ከሴኡል ወጥተህ ቶኪዮ በገባህ ቅጽበት ቪዛው አለቀ። ዳግመኛ ወደ ሴኡል ከተማ ልግባ ብትል አያስገቡህም። ቆንጆ ሆቴል ይዘው፣ ቀጠሮ ይዘው፣ በዚህ ምክንያት ብቻ የተንከራተቱ ደንበኞች አሉኝ። ስለዚህ ወይ ከመጀመሪያው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቅ፣ ወይ ደግሞ ጉዞህን በሌላ መንገድ ቀይሰው።

ሌላው መንገድ ይህ ነው፣ እኔም የምመክርህ ይህንኑ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶኪዮ የሚሄደው በሴኡል በኩል ነው። አዲስ አበባ ይነሳል፣ ኢንቺዮን ያርፋል፣ ከዚያ ናሪታ ይገባል። ሲመለስም በዚያው መስመር ነው። አንተ ትኬትህን «መግቢያ ሴኡል፣ መውጫ ቶኪዮ» አድርገህ ቁረጥ። ከአዲስ አበባ ሴኡል ሂድና ውረድ። ሥራህን ጨርስ። ከሴኡል ቶኪዮ ሂድ። እዚያም ጨርስና ከናሪታ በቀጥታ ወደ አገርህ ተሳፈር። አውሮፕላኑ ኢንቺዮን ሲያርፍ አንተ ትራንዚት ነህ፣ ኮሪያ አትገባም። ሁለተኛ የመግቢያ ቪዛ አያሻህም። መምህራችን የነገሩህን የፊት ነፋስም ያኔ ተኝተህ ታልፈዋለህ።

መሀል ላይ ያለውን የሴኡል ቶኪዮ በረራ በዚሁ ትኬት ላይ ማስገባት ትችላለህ፣ ለብቻውም መግዛት ትችላለህ። በመስመሩ ላይ የኮሪያም የጃፓንም አየር መንገዶች ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ፤ ርካሽ የሚባሉትም ብዙ ናቸው። ርካሾቹን ስታይ ግን ሻንጣ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን እይ። አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው የሚከፈለው። ለየብቻ የተገዛ ትኬት ሌላም ችግር አለው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥህ፣ የሁለተኛው ባለቤት ኃላፊነት የለበትም። ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በገባህበት ቀን ሌላ በረራ አታያይዝ።

ማረፊያውን በተመለከተ መምህር በደንብ ገልጸውታል። እኔ የምጨምረው ከማረፊያው ወደ ከተማ ያለውን ብቻ ነው። ከኢንቺዮን ሴኡል ባቡር ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር 45 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከጊምፖ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከናሪታ ቶኪዮ ጣቢያ በናሪታ ኤክስፕረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሃኔዳ ግን በሞኖሬል ከተማ ውስጥ ያለው ሃማማትሱቾ ጣቢያ እስክትደርስ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ትኬቱ ላይ የበረራው ሰዓት ተቀራራቢ ነው። ከተማ እስክትገባ ያለው ግን በአንድ ሰዓት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የጊምፖ ሃኔዳ ትኬት ብዙ ጊዜ ወደድ ይላል። ለሥራ ሲሆን ይህ ጭማሪ የሚቆጭ አይደለም።

ከጅማም አንድ ቀን ቀደም ብለህ ውጣ፤ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚይዝበት ቀን አለ። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ እደርና ተረጋግተህ ቦሌ ሂድ።

ቀማሿ

አካም ጂርታ ወንድሜ። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። ለሥልጠና ኮሪያ ቆይቻለሁ፣ ከዚያም ተነስቼ ቶኪዮ እየተመላለስኩ ናሙና አቅርቤያለሁ። አንተ ልትሄድበት ያሰብከው መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ የለመድኩት ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ለኛ ለሐበሾች እዚያ መስመር ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። ሴኡልና ቶኪዮ በሰዓት አንድ ናቸው። ሲሄዱም ሲመለሱም የሚደመርና የሚቀነስ የለም። ሁለቱም ከኛ በስድስት ሰዓት ይቀድማሉ። የኛ የሰዓት አቆጣጠርም ከፈረንጁ የሚለየው በስድስት ሰዓት ነው። እነዚህ ሁለት ስድስቶች ሲገናኙ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ክብ ሰዓት ላይ ደግሞ አሥራ ሁለት ሙሉ ዙር ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ በሐበሻ የሞላኸው የእጅ ሰዓት ሴኡልና ቶኪዮ ላይ የአገሩን ሰዓት ልክ ያሳያል! ንክች አታድርገው።

በምሳሌ ላሳይህ። ትኬትህ ከኢንቺዮን 09:10 ይነሳል ቢልህ፣ በነሱ ከጠዋቱ 9:10 ነው። በዚያች ደቂቃ ጅማ ከሌሊቱ 9:10 ነው። እጅህ ላይ ያለው ሰዓት 9:10 ይላል፣ ትኬቱም 9:10 ይላል። ትኬቱ 19:00 ቢል አሥራ ሁለት ቀንስለት፣ 7 ይሆናል። እነሱ ጋ ምሽት ነው። ጅማ ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። እጅህ ላይም 7። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ቀንና ሌሊቱ ብቻ ነው የሚገላበጠው። ስልክህ ግን ራሱ ስለሚቀይር እሱን አትከራከረው። እኔ መጀመሪያ ይህን ያስተዋልኩ ዕለት ኢንቺዮን ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓትና የእጄን ሰዓት እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ከቤቴ የራቅሁ አልመሰለኝም ነበር።

ለቤተሰብ ስትደውልም ይኸው ነው። እናትህን እራት ሰዓት ላይ ላግኛት ብለህ የኛን ሁለት ሰዓት ማታ ብትጠብቅ አንተ ጋ በነሱ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ይሆንብሃል። በነሱ ምሽት 9 ላይ ብትደውል ጅማ ከቀኑ 9 ነው፣ ቡና ላይ ታገኛቸዋለህ።

አሁን ሰኞ ማታ ስላለው እራት። እሺ አትበል። ለምን እንደሆነ ልቁጠርልህ፣ በነሱ ሰዓት ነው። ቅምሻው 12 ላይ ያልቃል። ቅምሻ ግን በሰዓቱ አያልቅም፤ ስኒው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይቀመሳል፣ ጥያቄ ይመጣል፣ ከሁሉም የሚጠቅምህ ወሬ ያኔ ነው የሚነሳው። 12:40 ወጣህ እንበል። ጊምፖ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያዝ፣ 1:40 ሆነ። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድመህ መገኘት ስላለብህ የምትይዘው የ4 ሰዓቱን ነው። 6:15 ሃኔዳ አረፍክ። ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ፣ ኳራንቲን፣ ጉምሩክ፤ ከአንድ ሰዓት በታች አታስብ። 7:15። ወደ ከተማ ገብተህ፣ ሻንጣህን አስቀምጠህ 8 ሰዓት አለፈ። ምንም ነገር ሳይዘገይ ማለት ነው ይሄ። በኢንቺዮንና በናሪታ ብታደርገው ደግሞ ቶኪዮ ጣቢያ የምትደርሰው ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ለእራት የጋበዘህን ሰው ማስጠበቅ ከባድ ነውር ነው። ገዢው በትኩረት የሚያየው የቡናህን ጣዕም ብቻ አይደለም። ያልከውን ቃል በሰዓቱ የምትፈጽም ሰው መሆንህንም ያያል። የሰኞውን ምሽት ለጉዞ ብቻ ተወው፣ እራቱን ማክሰኞ ማታ ይሁን በለው። ጨዋ ጥያቄ ነው፣ ደስ ብሎት ይቀበልሃል።

ከዚያ ናሙናው። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምነግርህ። ጥሬ ቡና ለጃፓን ተክል ነው። ሻንጣህን እንደወሰድክ፣ ጉምሩክ ጋ ሳትደርስ፣ የዕፅዋት ኳራንቲን መስኮት አለ። ናሙናህን ራስህ ሄደህ ታሳያለህ። ከዚህ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት አውጥተህ መያዝ አለብህ። ኮሪያም ስለምትገባ ለሁለቱ አገሮች ለየብቻ አውጣ። ናሙና ከአገር ለማስወጣትም ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ጋ ቀድመህ ጠይቅ።

እኔን ያስተናገደችኝ የኳራንቲን ሠራተኛ ነጭ ትሪ አውጥታ፣ ከረጢቱን በጥንቃቄ ቀድዳ ቡናውን ትሪው ላይ ዘረገፈችው። በመዳፏ አሰጣችው። ከዚያ አጉሊ መነጽር ይዛ ጎንበስ አለች። ነቀዝ የበላው ፍሬ ነው የምትፈልገው። አንድም ፍሬ መሬት ላይ አልወደቀም። ስትጨርስ በለስላሳ ብሩሽ ሰብስባ መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ጨመረች፣ ማኅተም መታችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ቡናችንን እንዲያ በክብር ስትይዘው ሳይ ዕንባዬ መጣ። ለቅመው፣ አጥበው፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቀው፣ አንድ በአንድ የለቀሙትን የጎማና የማና ሴቶች ነው ያሰብኩት። ንጹሕ አድርገህ ለቅመህ ሂድ።

ስለ ፀረ ተባይም ይጠይቁሃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢው ክፉኛ ወድቆ ነበር። ገዢዎቹ አልረሱትም። ቡናው በምን ጆንያ እንደተቀመጠ፣ መጋዘኑ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ማሳው ላይ ምን እንደተረጨ በዝርዝር ጽፈህ ያዝ። የቤተሰብህን ጣቢያ ስለምታውቀው ይህ ላንተ ከማንም ይቀላል።

እናትህ ቋንጣ ልቋጥርልህ ብትል እጇን ስመህ እምቢ በል። ሥጋ ያለ ሰርተፊኬት ሁለቱም አገር አይገባም፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም።

አውሮፕላኑ ላይ ፊት ለፊትህ ያለውን ስክሪን ካርታው ላይ አድርገው። መምህር ያስተማሩህን በዓይንህ ታየዋለህ። በክረምት ወደ ቶኪዮ ስሄድ ፍጥነቱ ከ1,000 ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ስመለስ 700 አይሞላም ነበር። ሰማዩ ጥርት ካለም ቶኪዮ ልትደርስ ስትል ፉጂን ታየዋለህ፣ በረዶ ለብሶ። 3,776 ሜትር ነው፤ የኛ ራስ ዳሽን ይበልጠዋል፣ ግን ብቻውን ስለቆመ ግርማው ሌላ ነው።

የጎማው አቅራቢ (ጅማ)

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። መምህር፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ሂሳቡን ለታናሽ እህቴ አሳየኋት፣ ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። የትኬት ቢሮዋ እህቴ፣ የቪዛውን ነገር ባትነግሪኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር። ትኬቱን መግቢያ ሴኡል፣ መውጫ ቶኪዮ አድርጌ ካንቺው ቢሮ እቆርጣለሁ።

ለቶኪዮው ገዢ ጻፍኩለት። ማክሰኞ ማታ ይመቸኛል ብሎ ወዲያው መለሰ። እንዲያውም ማክሰኞ ቅምሻውን ከሰዓት በኋላ አድርጎልኛል። መሀል ላይ ያለውን በረራ ከጊምፖ ሃኔዳ አደርገዋለሁ።

እህቴ ቀማሿ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ናሙናው ከሻንጣው ጋር ይጫን ወይስ በእጄ ልያዘው? ደግሞስ የቆላሁትንም ትንሽ ልያዝ?

ቀማሿ

በእጅህ ያዘው። ሻንጣ ቢዘገይ ልብስ ትገዛለህ፣ ናሙና ግን ከየት ታመጣለህ? ጥሬውን ለሁለቱ ገዢዎች ለየብቻ፣ በወፍራም ፕላስቲክ፣ አየር እንዳይገባው አድርገህ እሸገው። በየከረጢቱ ላይ ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ የታጠበ ወይም ጀንፈል (ሳይታጠብ የደረቀ) መሆኑን፣ የደረቀበትን ጊዜ በእንግሊዝኛ ጻፍ። ሰርተፊኬቶቹን ከፓስፖርትህ ጋር አንድ ላይ አድርጋቸው፤ ኮፒ ደግሞ ሻንጣህ ውስጥ ይኑር።

የቆላኸውን ለቅምሻ አትውሰድ፤ እነሱ በራሳቸው መቁያ፣ በራሳቸው ልክ ቆልተው ነው የሚቀምሱት። ለስጦታ ከሆነ ግን ያዝ። የተቆላ ቡና ጃፓን ላይ የዕፅዋት ኳራንቲን ምርመራ አያስፈልገውም፣ ጉምሩክ ከጠየቀህ ብቻ አሳይ። እናትህ ራሷ የቆላችው ቢሆን ደግሞ እንዴት ደስ ይላቸዋል መሰለህ።

ሴኡል ጥር ላይ ከዜሮ በታች አሥር የሚወርድበት ቀን አለ። ጅማ የምትለብሰው ጃኬት አይበቃህም፣ አዲስ አበባ ስታድር ወፍራም ካፖርት ግዛ።